ምዕራፍ 7፦ አንድ ዘር፣ ስምንት ማሳ

ጃኖ ባንድ የመጀመሪያ አልበሙን፣ «ኤርታሌ»ን፣ በ2012 አወጣ። (በዚህ ምዕራፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አራት ድምፃውያን፣ ሁለት ሴት ሁለት ወንድ፣ ከፊት ይቆማሉ፤ ከኋላቸው ጊታሩ ይጮኻል፣ ድራሙ ይከብዳል፣ ዜማው ግን የሀገር ቤት ቅኝቱን አይለቅም። ፕሮዲዩሰሩ ከኸርቢ ሃንኮክ ጋር የሠራው አሜሪካዊ ቢል ላስዌል ነበር። ሮክ በስፋት በማይደመጥበት አገር በሮክ መጀመር ድፍረት ይጠይቃል፤ እኔም ባንዱን የማከብረው ከሁሉ በፊት ለዚህ ነው።

አንድ ባንድ የበኩር ሥራውን ሲያወጣ ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ተወደደለት ወይስ አልተወደደለትም? መልሱ እንደታወቀ ወዲያው ወደ ሥራው እንዞራለን። ከተወደደ «ጎበዝ ስለሆነ ነዋ!» እንላለን። ካልተወደደ ግጥሙ ላይ፣ ዜማው ላይ፣ ቅንብሩ ላይ እንከን እንፈልጋለን፤ እንከን የሚፈልግ ሰው ደግሞ አያጣም። የዚህ ምዕራፍ ጥያቄ ከዚያ ይቀድማል። የአድማጭ አቀባበል የሚለካው ምንድን ነው? አልበሙን ነው ወይስ አልበሙ የወደቀበትን ቦታ?

በምዕራፍ 4 ማነጻጸሪያ የሌለው ውጤት ስለ ምክንያት ብዙ እንደማይናገር አይተናል። በምዕራፍ 6 ደግሞ ወሬ በአንድ መንደር እንዴት እንደሚዛመት ስንከታተል፣ መጨረሻው በአብዛኛው መጀመሪያ በሰሙት ጥቂት ሰዎች ላይ እንደሚንጠለጠል ተመልክተናል። እዚህ ሁለቱ ይገናኛሉ። የሚገናኙበትን ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ባኮ እንውረድ።

የባኮ መደቦች

ባኮን የሀገሩ ገበሬ የሚያውቃት በበቆሎ ነው። ከተማዋ አጠገብ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል በኢትዮጵያ የበቆሎ ምርምር ውስጥ ትልቅ ስም አለው። በ1993 የተለቀቀው ቢኤች 660 የተባለው ዲቃላ በቆሎ በስሙ የተሸከመው ባኮን ነው። ቀይ አፈር፣ ሞቅ ያለ አየር፣ ክረምቱ የሚበረታ አገር ነው፤ በቆሎ ይስማማዋል።

አዲስ ዝርያ የያዘ ተመራማሪ ዘሩን አንድ ቦታ ዘርቶ፣ ምርቱን መዝኖ «ጥሩ ነው» ወይም «አይረባም» አይልም። ማሳው ቢያጋድልስ? ዝናቡ ለሙን አፈር አጥቦ ታችኛው ጠርዝ ላይ አከማችቶት ቢሆንስ? ምዕራብ ሸዋንና ወለጋን የሚያስቸግረው ምስጥ አንዱን ጥግ ብቻ በልቶት ቢሆንስ? ስለዚህ ማሳው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፤ ያው ዝርያ በተለያዩ መደቦች ላይ ይደጋገማል። የትኛው ዝርያ በየትኛው መደብ እንደሚዘራ ተመራማሪው አይመርጥም፤ ዕጣ ይወጣል። ገበሬው ቀድሞ የሚያውቀው ዝርያም ለማነጻጸሪያ በመካከላቸው ይዘራል። ከዚያ ሥራው በሌላ ቦታና በሌላ ክረምት ይደገማል። ምርቱ ሲመዘን፣ ዘሩ አንድ ሆኖ ሳለ እንኳን፣ አንዱ መደብ ከሌላው ይለያል። ያ ልዩነት የአፈሩና የአጋጣሚው ድርሻ ነው። በየመደቡ ሁሉ ጸንቶ የሚታየው ብልጫ ደግሞ የዘሩ ድርሻ ነው።

ይህችን ሐሳብ አጥብቃችሁ ያዙልኝ፤ ምዕራፉ በሙሉ የቆመው በእሷ ላይ ነው። ከአንድ መደብ ብቻ በተሰበሰበ ምርት ዘሩን ከአፈሩ መለየት አይቻልም።

አልበም ግን የሚዘራው አንድ መደብ ላይ ብቻ ነው። «ኤርታሌ» የወጣው አንዴ ነው፤ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ገበያ፣ ያኔ አብረውት ከወጡት ሥራዎች ጋር፣ ዘፈን ከስልክ ወደ ስልክ እንደልብ በሚገለበጥበት ዘመን። እዚህ አገር አልበም ብዙውን ጊዜ የሚወጣው በዓል ተጠግቶ ነው፦ እንቁጣጣሽን፣ ገናን፣ ፋሲካን። አንድ ጀማሪ ባንድ በፋሲካ ሰሞን አንድ አንጋፋ ድምፃዊ ከዓመታት ዝምታ በኋላ ከሚመለስበት ሳምንት ጋር ቢገጣጠም የሚደርስበትን አስቡት። ዘፈኖቹ ሳይነኩ፣ አንዲት ኖታ ሳትለወጥ፣ በሌላ ወር ወጥቶ ቢሆንስ? ይህን ማወቅ አንችልም፤ ያንን ፋሲካ መልሰን አናመጣውም።

አርባ ስምንት ዘፈን፣ ስምንት ዓለም

ኒውዮርክ በሚገኘው ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ሦስት ተመራማሪዎች፣ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ፣ ለዚህ ችግር መላ ዘየዱ። ሥራቸው በ2006 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ ወጣ። እኔ ስለ ሙዚቃና ስለ አድማጭ ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ አስተሳሰቤን በዚህ ልክ የለወጠ የለም፤ ስለዚህ ጊዜ ወስደን እንየው።

ተመራማሪዎቹ ከማይታወቁ ባንዶች 48 ዘፈኖች ሰበሰቡ። የማይታወቁ መሆናቸው ወሳኝ ነው፤ አድማጩ ቀድሞ የሰማው ስም፣ ቀድሞ የያዘው ፍቅር ወይም ጥላቻ እንዳይኖር ነው። ከዚያ 14,341 ሰዎች፣ አብዛኞቹ ወጣቶች፣ በኢንተርኔት እየገቡ ዘፈኖቹን አዳመጡ። የተጠየቁት ቀላል ነው፦ የፈለጋችሁትን ዘፈን ክፈቱና ስሙ፤ ከአንድ እስከ አምስት ኮከብ ስጡት፤ ከወደዳችሁት በነጻ አውርዳችሁ ውሰዱት።

ጥበቡ ያለው አከፋፈሉ ላይ ነው። እያንዳንዱ አድማጭ ሲገባ በዕጣ ይመደባል። አንደኛው ቡድን የሚያየው የባንዱን ስምና የዘፈኑን ርዕስ ብቻ ነው፤ ሌሎች ምን እንደወደዱ አያውቅም፣ በራሱ ጆሮ ብቻ ይፈርዳል። የቀሩት ስምንት ቡድኖች ደግሞ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን አንድ ቁጥር ያያሉ፦ ከእነሱ በፊት የገቡ ስንት ሰዎች ያንን ዘፈን አውርደውታል? ግን ቁጥሩ የራሳቸው ቡድን ቁጥር ብቻ ነው። አንደኛው ዓለም ስለ ሁለተኛው የሚያውቀው ነገር የለም። ስምንቱም የጀመሩት ከዜሮ ነው።

ያው 48 ዘር፣ ስምንት ማሳ።

የጥራት ነገር ብቻ ቢሆን ኖሮ ስምንቱም ዓለም መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ሰንጠረዥ ያወጡ ነበር። አላወጡም። ፊፍቲ ቱ ሜትሮ የተባለው ባንድ «ሎክዳውን» የሚል ዘፈኑ፣ ሰዎች በራሳቸው ጆሮ ብቻ በፈረዱበት ቡድን ውስጥ ከ48ቱ 26ኛ ነበር፤ መሃል ላይ ያለ፣ ደህና የሚባል ዘፈን። ቁጥር ከሚታይባቸው ዓለማት በአንዱ ግን አንደኛ ወጣ። በሌላው 40ኛ ሆነ። ቃሉም፣ ድምፁም፣ ቀረጻው ራሱም ያው ነው። በአንደኛው ዓለም የሚኖር የሙዚቃ ሐያሲ ስለ «ሎክዳውን» ሲጽፍ የመግቢያው ጊታር እንዴት ልብ እንደሚይዝ ያስረዳን ነበር፤ በሌላው ዓለም ያለው ደግሞ ለምን እንዳልተሳካለት በዚያው እርግጠኝነት ያብራራ ነበር። ሁለቱም ከልባቸው ነው የሚጽፉት።

ሁለተኛም ነገር ታየ። የሌላውን ምርጫ በሚያዩት ዓለማት ውስጥ የተወደዱት ይበልጥ ተወደዱ፣ የተረሱት ይበልጥ ተረሱ፤ በላይኛውና በታችኛው መካከል ያለው ርቀት በራሱ ጆሮ ብቻ ከፈረደው ቡድን ሰፋ። ተመራማሪዎቹ ዘፈኖቹን በተወደዱበት ቅደም ተከተል ከላይ ወደ ታች ሲደረድሯቸው ደግሞ ርቀቱ ጭራሽ ጨመረ፤ ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ መናገርም ይበልጥ ከበደ። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። አሸናፊው በሰፊው ባሸነፈ ቁጥር «ይሄማ ግልጽ ነበር» እንላለን፤ ሙከራው የሚያሳየው ግን ሰፊ ድልና ሊተነበይ የሚችል ድል የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ነው።

ጥራት ዋጋ የለውም ማለት ግን አይደለም። በጣም ጥሩ የተባሉት ዘፈኖች ከታች መዋላቸው ብርቅ ነበር፤ በጣም ደካማ የተባሉትም ከላይ መውጣታቸው እንዲሁ። በጥራት ከመጀመሪያዎቹ አምስት የሚመደብ ዘፈን ግን በተወዳጅነትም ከመጀመሪያዎቹ አምስት የመግባት ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ብቻ ነበር። ከሁለቱ ጫፎች መካከል ላለው፣ ማለትም ለአብዛኛው ሥራ፣ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል።

ባለሙያዎች ይህን የሚጠሩት «የተደራረበ ብልጫ» በሚል ትርጉም ሊገባን በሚችል ስም ነው። መጀመሪያ ላይ የተገኘች ትንሽ ብልጫ ሌላ ብልጫ ትወልዳለች፤ ያችም ሌላ። የማኅበራዊ ሳይንስ ምሁሩ ሮበርት መርተን በ1968 ይህንኑ በሳይንቲስቶች ዘንድ አሳይቷል፦ ሁለት ሰዎች ተመሳሳይ ሥራ ቢሠሩ ምስጋናው የሚሄደው ቀድሞ ስም ላለው ነው።

«የሚሰማውን ጫንልኝ»

ሙከራው የተደረገው በአሜሪካ ወጣቶች ላይ ነው፤ ነገሩ ግን ባኮም ውስጥ በዓይን ይታያል። ኢንተርኔት በየእጁ ሳይደርስ በፊት፣ ዛሬም በብዙ ቦታ፣ ከተማ ውስጥ ዘፈን የሚገዛው ሜሞሪ ካርድና ፍላሽ ከሚጭን ሱቅ ነው። ጠባብ ቤት፣ አንድ ኮምፒውተር፣ በሩ ላይ ወደ መንገዱ የዞረ ትልቅ ስፒከር። ከገጠር ለገበያ የመጣ ወጣት ስልኩን ከፍቶ ትንሿን ካርድ በጥፍሩ ያወጣና በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋታል።

«ምን ልጫንልህ ወንድሜ?»

«አዳዲስ። የሚሰማውን ጫንልኝ።»

በኦሮምኛም ይባል በአማርኛ ጥያቄው ያው ነው። የዘፋኝ ስም አይጠራም፤ የሚጠየቀው ሌላው ሰው የሚሰማውን ነው። ባለሱቁ ደግሞ ከኮምፒውተሩ ላይ አንድ ፎልደር ይገለብጥለታል። እዚያ ፎልደር ውስጥ ምን አለ? ትናንት የተጠየቀው። ትናንት ለምን ተጠየቀ? ከትናንት ወዲያ በስፒከሩ ሲጮኽ ስለዋለ። ባለሱቁ በስፒከሩ የሚለቀው ደግሞ የሚሸጥለትን ነው። ክቡ ተዘጋ። ወጣቱ ካርዱን ስልኩ ውስጥ ከትቶ መንደሩ ሲገባ ጓደኞቹ በብሉቱዝ ይቀባበሉታል፤ ከአዲስ አበባ ነቀምቴ የሚመላለሰው ሾፌርም ፍላሹን ያስጫነው ከእንደዚህ ዓይነቱ ሱቅ ስለሆነ፣ ያው ዘፈን ጌዶ ላይ፣ ጉደር ላይ፣ አምቦ መናኸሪያ ላይ ይሰማል። አንድ የአዲስ ባንድ አልበም እዚያ ፎልደር ውስጥ ሳይገባ ከቀረ ያ ወጣት አልጠላውም። አልሰማውም። ከውጭ ሆኖ ቁጥር ለሚቆጥር ሰው ግን ሁለቱ አንድ ይመስላሉ፤ የአልበም አቀባበልን ስንመዝን በብዛት የምንስተውም እዚህ ጋ ይመስለኛል።

በቆሎው ራሱ የተስፋፋው ከዚህ በማይርቅ መንገድ ነው። ቢኤች 660 በተለቀቀበት በ1993 ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የተባለው ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ ሥራ ጀመረ። የአሠራሩ ዋና ነገር ገበሬው በራሱ መሬት፣ ግማሽ ሄክታር በሚያህል ማሳ ላይ፣ የተሻሻለውን ዘር ከማዳበሪያ ጋር ዘርቶ እንዲያየው፣ ጎረቤቶቹም መጥተው እንዲያዩለት ማድረግ ነበር። ዘሩ በምርምር ጣቢያ ጥሩ መሆኑ ብቻ አልበቃም። በጎረቤት ማሳ ላይ መታየት ነበረበት።

ዛሬ ደግሞ ዩቲዩብ መጥቷል፤ ከያንዳንዱ ዘፈን ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ ተጽፏል። የእነ ሳልጋኒክ ሙከራ የተከለው ቁጥር ማለት ይኸው ነው። ልዩነቱ እዚህ ስምንት ዓለም የለም፤ ሁላችንም የምናየው አንድ ቁጥር ነው።

የመጀመሪያው ጆሮ

በ2010 መጨረሻ ላይ ቶሮንቶ ውስጥ የሚኖር አንድ ወጣት ሦስት ዘፈኖች ዩቲዩብ ላይ ጫነ። ፊቱን አላሳየም፣ ስሙንም አልተናገረም፤ ዘ ዊከንድ ብቻ ይላል። ወላጆቹ ከኢትዮጵያ የሄዱ፣ በ1990 ቶሮንቶ የተወለደው አቤል ተስፋዬ ነበር። ዘፈኖቹ ድሬክ ጋ ደረሱ፤ እሱም ያኔ የቶሮንቶ ትልቁ ኮከብ ነው፣ ለተከታዮቹ አካፈላቸው። በመጋቢት 2011 «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» የተባለው የዘፈኖቹ ስብስብ በነጻ ተለቀቀ፤ ለስለስ ባለ ሙዚቃቸው ከሚታወቁት ከቢች ሃውስ ባንድ የተወሰደ ድምፅ ሁሉ በውስጡ አለ። በዚያው ዓመት ለካናዳው የፖላሪስ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ።

ሥራው ድንቅ ነው፤ ይህን ለመቀነስ አልፈልግም። የምለው ሌላ ነው። በዚያው ሰሞን በዚያው ከተማ ሦስት ዘፈን የጫኑ ሌሎች ወጣቶች ነበሩ፤ የእነሱን የመጀመሪያ አድማጮች አናውቃቸውም፤ ሥራቸውንም ስላልሰማነው ከአቤል ጋር ልናነጻጽረው አንችልም። ስለ ስኬት የምናነበው ታሪክ ሁሉ የተጻፈው ከበቀሉት መካከል ነው።

ተቃራኒው ደግሞ ቢግ ስታር ነው። ከሜምፊስ የተነሣው ይህ የአሜሪካ ባንድ በ1972 የመጀመሪያ አልበሙን ሲያወጣ ሐያሲዎች አሞገሱት። አከፋፋዩ ግን ሸክላውን ወደ ሱቆች በቅጡ ማድረስ አልቻለም፤ ጋዜጣ አንብቦ ሱቅ የሄደ ሰው ባዶ እጁን ይመለስ ነበር። አልበሙ እንደ ኪሳራ ተቆጠረ። ከዓመታት በኋላ አር.ኢ.ኤምን የመሰሉ ባንዶች ከቢግ ስታር እንደተማሩ ሲናገሩ ዓለም ወደ ኋላ ተመልሶ አዳመጠው፤ ዛሬ በጊታር ፖፕ ታሪክ ውስጥ ከማይዘለሉት አንዱ ነው። በ1972 «አድማጭ አልተቀበለውም» ያለ ሰው ቃሉ እውነት ነበር፤ ከዚያ ተነሥቶ «ስለዚህ ደካማ ነው» ቢል ግን ከአንድ መደብ ስለ ዘር መፍረዱ ነው።

ሃያ ስምንት ዓመት የቆየ ካሴት

ከሌላው ዓለም ምሳሌ ይልቅ የእኛው ይበልጣል። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ባንዱ አዲስ አበባ ሂልተን ሆቴል ይጫወት ነበር፤ በ1977 ያወጣው «ቸ በለው» የሚለው አልበምም ያለ ድምፃዊ፣ በመሣሪያ ብቻ የተሠራ ነው። እኛ አገር ሙዚቃ ማለት በአብዛኛው ግጥምና ድምፅ ነው፤ ያለ ዘፋኝ አልበም ማውጣት በራሱ ከነፋስ ጋር መሄድ አይደለም። በ1981 ባንዱ ለትርዒት አሜሪካ ሲሄድ ኃይሉና ጥቂት ጓደኞቹ እዚያው ቀሩ።

በ1985 ኃይሉ ብቻውን ስቱዲዮ ገባ። አኮርዲዮን፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና የድራም ማሽን ይዞ፣ የልጅነቱን አኮርዲዮን ከዘመኑ መሣሪያ ጋር አጋብቶ አንድ ካሴት ሠራ። ካሴቱ ኢትዮጵያ ገባ፣ ተሸጠ፣ ጊዜውም አለፈ። ኃይሉ ዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ መንዳት ያዘ፤ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። ከዚያ ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሮጌ የአፍሪካ ካሴቶችን የሚሰበስብ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባህር ዳር አገኘው። በ2013 እንደገና አሳተመው። ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ፤ አውሮፓና አሜሪካ እየዞረ ተጫወተ፤ በ2018ም «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም ይህ ታሪክ ተፈጥሮ ራሷ ያደረገችልን ሙከራ ነው ማለት ይቻላል። አንድ ቀረጻ ነው፣ ሁለት መደብ ላይ የተዘራ። አንደኛው በ1985 ግጥም የሚወድ፣ ዘፋኝ የሚጠብቅ አድማጭ መካከል፤ ሁለተኛው በ2013 ከሩቅ የመጣ ያልሰማውን ድምፅ የሚፈልግ አድማጭ መካከል። በቴፑ ላይ ያለው ድምፅ አልተለወጠም። ሙላቱ አስታጥቄም ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፦ ኢትዮ ጃዝን በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ሠርቶ ሲያበቃ፣ የዓለም ሕዝብ በብዛት የሰማው በ1998 በታተመው «ኢትዮፒክስ» ቁጥር 4ና በ2005 ጂም ጃርሙሽ «ብሮክን ፍላወርስ» ለተባለው ፊልሙ ሙዚቃውን ከተጠቀመበት በኋላ ነው። የፊልም ዳይሬክተሩ ያንን ሸክላ ባይሰማው ኖሮ የሙላቱ ጥበብ በአንዲት ኖታ አይቀንስም ነበር። የሰሚው ብዛት ግን ይቀንስ ነበር።

የዚህን ነገር ሌላ ገጽታ ሳስብ ያሳዝነኛል። ባህር ዳር ያ ካሴት ባይገኝስ? ሌሎች ስንት ካሴቶች በየሱቁ መደርደሪያ ላይ በሙቀት ተበላሽተው፣ በላያቸው ሌላ ዘፈን ተቀድቶባቸው ጠፍተዋል?

አምቦ

ከባኮ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ አምቦ እንገባለን። ሃጫሉ ሁንዴሳ የተወለደውና ያደገው እዚህ ነው። በ2003 ገና የ17 ዓመት ልጅ ሳለ ታሰረ፤ አምስት ዓመት በአምቦ እስር ቤት ቆየ። የመጀመሪያ አልበሙን «ሳኚ ሞቲ»ን አብዛኛውን የደረሰው እስር ቤት ውስጥ ሲሆን፣ አልበሙ የወጣው ከተፈታ በኋላ በ2009 ነው። በኦሮምኛ አድማጮች ዘንድ ስሙን የተከለለት ይህ ሥራ ነው። ሁለተኛው አልበም በ2013 ተከተለ።

በ2015 ደግሞ «ማላን ጂራ» የተሰኘው ዘፈኑ ወጣ። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከአምቦ ብዙም በማትርቀው ጊንጪ የተጀመረው ተቃውሞ ወደ መላው ኦሮሚያ ተዛመተ፤ ዘፈኑም ከዚያ ዘመን ጋር ተሳሰረ። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ዘፈኑ ከጊንጪው ተቃውሞ ይቀድማል። ዘሩ አፈር ገብቶ ነበር፣ ዝናቡ በኋላ ጣለ። ዛሬ ወደ ኋላ ስናይ ዘፈኑና ዘመኑ አንድ ላይ የተወለዱ ይመስሉናል፤ የመጀመሪያውን ቀን ከመጨረሻው ቀን ተነሥተን ስለምናነበው ነው።

ሃጫሉ በሰኔ 2020 አዲስ አበባ ውስጥ ተገደለ። ከዚያ ወዲህ «ሳኚ ሞቲ»ን ማንም በ2009 እንደሰማው ሊሰማው አይችልም። ያኔ አንድ የአምቦ ልጅ፣ ከእስር የወጣ ጀማሪ፣ ምን ይዞ መጣ ተብሎ የተደመጠ ሥራ ነበር፤ አሁን ግን በሐዘን ውስጥ አልፎ ይደመጣል። የአንድ አልበም አቀባበል በወጣበት ሳምንት አይዘጋም ማለት ነው። ማሳው በየዘመኑ ይታረሳል፤ ያው ዘር ሌላ አፈር ያገኛል።

ሰንጠረዡ ሲገለበጥ

አንባቢ አንድ ጥያቄ ሊያነሣ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሰዎች ምርጫ ይህን ያህል ኃይል ካለው፣ ሆን ብሎ ውሸት የዘራ ሰውስ? ቁጥሩን ቢያስቀይር፣ ሰው ከፍሎ ቢያስቆጥር ደካማውን ንጉሥ ማድረግ ይችላል?

ሳልጋኒክና ዋትስ ይህንንም ፈተኑት፤ በ2008 ታተመ። በመጀመሪያ ዘፈኖቹ ትክክለኛውን ቁጥር እንዲያከማቹ ተዉዋቸው። ከዚያ ለአዲስ ገቢ አድማጮች ሰንጠረዡን ገለበጡት፦ በጣም የተወደደው ዘፈን በጣም ያልተወደደው ሆኖ ይታያል፣ የመጨረሻው ደግሞ አንደኛ። አድማጮቹ ይህን አያውቁም።

ለአብዛኞቹ ዘፈኖች ውሸቱ እውነት ሆነ። የተወደዱ ተብለው የቀረቡት ተወደዱ፤ ታች የተጣሉት እዚያው ዋሉ። በጣም ጥሩዎቹ ግን አልቀሩም። ከሰንጠረዡ ግርጌ ሆነው ቀስ በቀስ፣ ባጋጣሚ እዚያ ድረስ ወርዶ በሚያዳምጥ በአንድ ሰው፣ በሌላ ሰው፣ ወደ ላይ መውጣት ጀመሩ። ከላይ የተናገርነው በእያንዳንዱ መደብ ጸንቶ የሚታይ የዘር ብልጫ እንግዲህ ይህ ነው፤ ጊዜ ከተሰጠው ይታያል፣ ጊዜው ግን ረጅም ነው።

ተመራማሪዎቹ ያገኙት ሌላም ነገር አለ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የምመለከተው እሱን ነው። ሰንጠረዡ በተገለበጠባቸው ዓለማት ሰዎች በጠቅላላው ያወረዱት ዘፈን ቁጥር ቀነሰ። ከላይ የተቀመጡላቸውን ከፍተው ሰሙ፤ ብዙም አልወደዱም። ከታች ግን እውነተኛ ጥሩ ዘፈኖች ነበሩ፤ ብዙዎቹ እዚያ ሳይደርሱ፣ ምንም ሳይወስዱ ወጡ።